«ዳቦ ሳይኖር ኳዛር ምን ያደርጋል?» ላላችሁኝ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ስለሚል ሻይ ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ገጼ ላይ አንድ ፎቶ ለጥፌ ነበር። መሀሉ ላይ ደማቅ ነጥብ፣ ዙሪያውን ሰፊ ሰማያዊ ጭጋግ። ከሥሩ «ኳዛር እና የከበበው የጋዝ ደመና» ብዬ ጻፍኩ፣ በቃ። ከዚያ ኮሜንቱ መጣ። አንዱ ወንድሜ «ዳቦ ሳይኖር ኳዛር ምን ያደርጋል?» አለኝ። ሌላው «እኛ ይሄንን ድሮ ጨርሰነዋል፣ መጽሐፈ ሄኖክን አንብብ» አለ። አንዷ እህት ደግሞ «ቃሊቲ ተቀምጠህ ሰማይ ታያለህ እንዴ? እኛ ጭስ ነው የምናየው» ብላ አሳቀችን።

አራተኛው በውስጥ መስመር ነው የመጣው። የድሮ ተማሪዬ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ጥያቄውን ግን አስፈቅጄዋለሁ። «ቲቸር፣ ጋዙ ራሱ ነው የሚያበራው ወይስ መብራት ወድቆበት ነው?»

ሦስቱ አስተያየት ሰጡ፣ እሱ ጠየቀ። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር፤ የሌሎቻችሁም መልስ እዚያው ውስጥ ይመጣል። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ኳዛር ምንድነው? በአንድ ጋላክሲ መሀል የተቀመጠ ግዙፍ ብላክ ሆል አለ፤ ክብደቱ የፀሐይን ሚሊዮን፣ አንዳንዴም ቢሊዮን እጥፍ ይሆናል። ጋዝ ወደ እሱ ሲወድቅ እየተሽከረከረ፣ እየተፋተገ፣ እየጋለ ይሄዳል። ብርሃኑ የሚወጣው ከዚያ ከጋለው ጋዝ ነው። ኃይለኛው ኳዛር በጋላክሲው ውስጥ ያሉት ከዋክብት ሁሉ ተደምረው ከሚያበሩት በላይ ያበራል። ማርተን ሽሚት የሚባል የሥነ ፈለክ ሰው በ1963 የመጀመሪያውን ርቀት ለክቶ እስኪያሳውቅ ድረስ ከኮከብ የማይለይ ነጥብ ነበር። ነጥቡ ግን ከ2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ይርቅ ነበር።

አሁን ደመናው። በ2014 መጀመሪያ ላይ ሴባስቲያኖ ካንታሉፖ እና ባልደረቦቹ ሃዋይ ባለው ባለ 10 ሜትር የኬክ ቴሌስኮፕ ዩኤም 287 የተባለውን ኳዛር አይተው ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡ። ብርሃኑ ከተነሳ 10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። በዙሪያው ያገኙት የሚያበራ የሃይድሮጂን ደመና 2 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይዘረጋል። የእኛ ጋላክሲ፣ ሚልኪ ዌይ፣ የዲስኩ ስፋት ወደ 100,000 የብርሃን ዓመት ነው። ሃያዎቹን ጎን ለጎን ደርድሯቸው እንግዲህ።

እንዲህ ያለው ነገር ብርቅ ሊመስላችሁ ይችላል። መጀመሪያ ሳይንቲስቶቹም እንደዚያ ነበር የሚያስቡት። በ2016 ግን ቺሊ ባለው ትልቁ የአውሮፓውያን ቴሌስኮፕ ላይ በተገጠመው ሙዝ በሚባል መሣሪያ 19 ደማቅ ኳዛሮች ሲታዩ ሁሉም ዙሪያቸው ደመና ተገኘ። ደመናው ቀድሞም ነበረ ማለት ነው፤ የሚያየው መሣሪያ ነበር የጠፋው።

ወደ ልጁ ጥያቄ። በክረምት ማለዳ ከአቃቂ ወንዝ በኩል ጉም ሲነሳ ዋናውን መንገድ አይታችኋል? የሲኖትራክ መብራት ሲያርፍበት ጉሙ ሁሉ ያበራል። ጉሙ ግን የራሱ ብርሃን የለውም፣ የመኪናውን ነው የሚበትነው። ይሄ አንዱ መንገድ ነው። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ያለው ረጅሙ የፍሎረሰንት አምፖል ነው። ውስጡ የሚፈጠረው አልትራቫዮሌት ለዓይናችን አይታይም። የአምፖሉን ውስጠኛ ግድግዳ የቀባው ነጭ ዱቄት ግን ያንን ተቀብሎ በሌላ ቀለም መልሶ ይለቀዋል፤ እኛ የምናየው ያንን ነው።

የኳዛሩ ደመና በዋናነት ወደ ሁለተኛው ይጠጋል። የኳዛሩ አልትራቫዮሌት የሃይድሮጂንን ኤሌክትሮን ከአቶሙ ነቅሎ ያወጣዋል። ኤሌክትሮኑ ተመልሶ ሲገባ እንደ ደረጃ እየወረደ ነው፤ የመጨረሻዋን ደረጃ ሲወርድ 121.6 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን ይለቃል። ሊማን አልፋ ይባላል። ይሄ ብርሃን ዓይናችን ያየዋል? አያየውም። አየራችንም አያሳልፈውም። ታዲያ ሃዋይ ላይ ቆሞ እንዴት ታየ? መንገድ ላይ ሳለ ዩኒቨርሱ ሲሰፋ ብርሃኑም አብሮ ተለጠጠ። ከዩኤም 287 የመጣው ከሦስት እጥፍ በላይ ተለጥጦ ወደ 400 ናኖሜትር ደረሰ፤ ወይን ጠጅ ሆነ። ርቀቱ ራሱ ነው እንዲታይ ያደረገው።

ግን አላለቀም። እንደ ጉሙ የሚበተነው ብርሃንም አለ። የሊማን አልፋ ብርሃን ከሃይድሮጂን ወደ ሃይድሮጂን እየተላጋ ነው የሚወጣው። ከምናየው ውስጥ ምን ያህሉ ከአንደኛው መንገድ፣ ምን ያህሉ ከሁለተኛው ነው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ2000 የተገኘ ላብ-1 የሚባል ወደ 300,000 የብርሃን ዓመት የሚሰፋ ደመና አለ። በ2011 የተመራማሪዎች ቡድን የዚህን ደመና ብርሃን በዚያው በቺሊው ቴሌስኮፕ መረመረ። የጠየቁት ምን መሰላችሁ? «ጋዙ ራሱ ነው የሚያበራው ወይስ ከውስጡ ካሉት ጋላክሲዎች የመጣ ብርሃን ወድቆበት ነው?»

መልሱን ያገኙት ሹፌሮች በሚያውቁት ዘዴ ነው። አስፋልት ላይ የሚያንጸባርቀውን ፀሐይ የሚቀንስ ፖላራይዝድ መነጽር አለ አይደል? የሚሠራው ነጥሮ የመጣ ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ስለሚወዛወዝ ነው። የላብ-1ም ብርሃን እንደዚያ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ብዙው ከመሀል ወጥቶ፣ ጋዙ ላይ ነጥሮ የመጣ ነው ተባለ።

እንግዲህ አስቡት። ስምንት ሜትር በሚሰፋ መስታወት ተጠይቆ ኔቸር ላይ የወጣን ጥያቄ አንድ የቃሊቲ ልጅ ከአንድ ፎቶ ብቻ ተነስቶ በስልኩ ጠየቀኝ። ማንም አላስጠናውም።

ይህ ልጅ አሁን የት ነው? ጎሚስታ ቤት ነው። ጎማ ይነቅላል፣ ይለጥፋል። በሥራው ምንም የሚያሳፍር ነገር የለም፣ ቤተሰቡን ይረዳበታል። የ12ኛ ክፍል ፈተናን የወሰደው በ2015 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት ከተፈተኑት ማለፊያውን ያመጡት 3.2 በመቶ ነበሩ፤ የቀደመው ዓመት ደግሞ 3.3። ከመቶ ዘጠና ሰባቱ ውስጥ ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ሲነገር ሁላችንም «ልጆቹ አያጠኑም» ብለን ተነሳን። እኔ ባስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት ላብራቶሪው ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ነው የሚውለው፤ ዕቃው ይሰበራል ተብሎ። ፕሪዝም ካርቶኑ ውስጥ እንደታሸገ ያየሁበት ዓመት አለ። ብርሃን በፕሪዝም ሲሰነጠቅ ሳያይ ስለ ብርሃን የሚፈተን ልጅ ምን ሊመልስ ነው? የማጥናት ችግር የለም አልልም፤ ግን ያልተከፈተውን ካርቶንም እንቁጠረው።

አሁን ወደ ዳቦው ልምጣ። ወንድሜ፣ ጥያቄህን አልንቀውም። የኑሮውን ነገር እኔም በመምህር ደሞዝ ነው የማየው። እንደ አንዳንድ ሰው «ከሥነ ፈለክ ይሄ ይሄ ቴክኖሎጂ ተገኝቷል» እያልኩ ልዘረዝርልህም አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ፤ እዚሁ ሰፈራችን ያለ።

በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለማውን ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ታውቀዋለህ። ሁላችንም በልተነዋል። ወንዙ የከተማውንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ይዞ ነው የሚወርደው። በአትክልቱ ውስጥ ከባድ ብረቶች እንዳሉ ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ ለክተዋል። በምን ለኩት? ክሮሚየምና እርሳስ በዓይን አይታዩ፣ በምላስ አይቀመሱ። ከሚለኩባቸው መንገዶች ዋናው እንዲህ ነው፦ ናሙናውን በእሳት ወደ አቶም ይበትኑታል፣ ብርሃን ያሳልፉበታል፣ ከዚያ የትኛው ቀለም ጎደለ ብለው ያያሉ። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የሚውጠውና የሚለቀው የራሱ ቀለም አለው። ሃይድሮጂን 121.6 ናኖሜትር አለው፤ እርሳስም የራሱ አለው። ከ10 ቢሊዮን ዓመት በፊት የተነሳውን ደመና «ሃይድሮጂን ነህ» ያሰኘው እና ከአቃቂ የተነቀለውን ጎመን «እርሳስ አለብህ» የሚያሰኘው አንድ እውቀት ነው። ሂሊየም እንኳ መጀመሪያ የታወቀው በ1868 በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ነው፤ ምድር ላይ የተገኘው በ1895 ነው። ሰማዩን ማንበብ የለመደ ሰው ሳህኑንም ያነባል።

ስለዚህ ዳቦና ኳዛር አይጣሉም። የሚጣሉት ዳቦና አለማወቅ ናቸው።

መጽሐፈ ሄኖክን ላነሳኸው ወንድሜም። ልክ ነህ፣ ትልቅ ነገር ነው። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ውስጡም ስለ ፀሐይና ጨረቃ መውጫና መግቢያ፣ ስለ ዓመቱ ቀናት ቆጠራ የሚያወራ ሰፊ ክፍል አለው። ባሕረ ሐሳብን የሚያሰሉ ሊቃውንትም አሁንም አሉን። ግን እኮ እነዚያ አባቶች «ጨርሰነዋል» አላሉም። ቆጠሩ፣ ጻፉ፣ የሚቆጥር ተማሪ አፈሩ። ሌላው ዓለም የጣለውን እኛ ጠብቀን አቆየን። ጠብቆ ማቆየት ግን ግማሹ ሥራ ነው፤ በእነሱ መኩራት የፈለገ እነሱ ካቆሙበት መቀጠል አለበት።

ደግሞም ከዜሮ አይደለም የምንጀምረው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 ሲመሠረት ስንቱ ነው የሳቀበት! ዛሬ እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ተመጠቀች። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና ስትታይ የዓለም ዓይን እዚያ ነበር። በ2019 ሀገራት ለከዋክብት ስም እንዲያወጡ ዕድል ሲሰጣቸው እኛ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ለሚርቅ አንድ ኮከብ «ቡና»፣ ለሚዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» የሚል ስም አወጣን። አሁን በዓለም አቀፉ መዝገብ ላይ በዚህ ስም ነው የሚጠሩት። ትውልደ ሰርቢያ የሆነችው ተመራማሪ ዶክተር ሚርያና ፖቪች ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ሆና ስለ ጋላክሲዎችና በመሀላቸው ስላሉት ንቁ ብላክ ሆሎች ከኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጋር ስትሠራ ቆይታለች፤ በ2018 ከኔቸር፣ በ2021 ከአውሮፓ የሥነ ፈለክ ማኅበር ሽልማት አግኝታለች። ማለትም የኳዛር ትምህርት ከእኛ ሰፈር ሁለት ታክሲ ነው።

ወደ ጭሷ እህቴ። እውነትሽን ነው። ቃሊቲ ላይ ማታ ቀና ብትይ ጥቂት ከዋክብት ናቸው የሚታዩሽ። ጥፋቱ ግን የጭስ ብቻ አይደለም። ወደ ላይ የሚያበራ መብራት አለ። ግቢውን ሊጠብቅ የተሰቀለው ፓውዛ ግማሹን ወደ ሰማይ ይረጨዋል። የመንገዱ፣ የሕንፃው፣ የማስታወቂያው፣ የአዳዲሱ ኮሪደር መብራት ተደምሮ ከተማው ላይ ነጭ ክዳን ይሆናል። እንጦጦም ከዚያው ከተማ ጫፍ ላይ ነው ያለው፤ ክዳኑ ይደርሰዋል። የኳዛር ደመና የመሰለ ፈዛዛ ነገር ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ የሚጠፋው እንዲህ ባለ ሰማይ ላይ ነው። ከተማው ይጨልም አላልኩም። ልጆቻችን ማታ በሰላም ይግቡ። መብራቱ ግን ኮፍያ ይኑረው፤ መሬቱን ያብራ። የኤሌክትሪክ ወጪውም ይቀንሳል። ደቡብ አፍሪካ በ2007 ሰማይን የሚጠብቅ ሕግ አወጣች፤ ዛሬ እነ ሚርካት የቆሙት በዚያ ጥበቃ ሥር ነው። የላሊበላ ተራሮች ለትልቅ ኦብዘርቫቶሪ ሲጠኑ ቆይተዋል። ሰላሙ መጥቶ ግንባታው እስኪጀመር ሰማዩን በመብራት ከሞላነው ምን ልናይበት ነው?

አንድ ታሪክ ልጨምርና ልጨርስ። በ2007 ሃኒ ፋን አርከል የምትባል የኔዘርላንድስ መምህርት ጋላክሲ ዙ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ገብታ የጋላክሲ ፎቶዎችን ትለይ ነበር። ክፍያ የለውም፣ ዲግሪ አይጠይቅም። ፎቶው ተነስቶ ተቀምጧል፤ የሰው ዓይን ብቻ ነው የጎደለው። አንድ ጋላክሲ አጠገብ እንግዳ ነገር አየችና «ይሄ ምንድነው?» ብላ ጻፈች። ማንም አያውቀውም ነበር። ሲጠና የጋላክሲ ያህል ስፋት ያለው የሚያበራ የጋዝ ደመና ሆኖ ተገኘ፤ አረንጓዴ ያደረገው ኦክስጅን ነው። ከዚያ አጠገቡ ያለውን ኳዛር ሲፈልጉ ደብዝዟል! መብራቱ ጠፍቷል፣ ደመናው ግን እያበራ ነው። ምክንያቱም ብርሃኑ ደመናው ጋ ለመድረስ፣ ከዚያም ወደ እኛ ለመዞር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ተጨማሪ መንገድ ነበረው። እኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ወዲያው ነው የምንጨልመው፤ እዚያ ግን የመጥፋቱ ወሬ ገና አልደረሰም። በዚህ የተነሳ ኳዛር በምን ያህል ጊዜ እንደሚጠፋ መገመት ተቻለ። የዚህ ሁሉ መነሻ አንዲት መምህርት፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ጥያቄ። ደመናው አሁን በስሟ ነው የሚጠራው።

እነዚህ ደመናዎች ለምን ይህን ያህል አስጨነቁ ካላችሁ መልሱ አጭር ነው። ጋላክሲ ከዋክብት የሚሠራበት ጋዝ ከውጭ ነው የሚገባለት። መሀሉን ብቻ ሲያዩ የኖሩ ሰዎች ጋላክሲው ከምን እንደሚኖር ሊያውቁ አልቻሉም፤ ዳሩን ማየት ነበረባቸው። እኛ የዳር ሰፈር ሰዎች ይሄ አይገርመንም። ለከተማው የሚገባው ጭነት በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ስንት ሌሊት እንደሚቆም፣ ማን እንደሚያራግፈው እናውቃለን። ፒያሳና ቦሌ ብቻ ያየ ሰው አዲስ አበባን አያውቃትም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ትልቅ ቴሌስኮፕ ይገዛልን አይደለም። አንደኛ፣ በየትምህርት ቤቱ የተቆለፈው ላብራቶሪ በሳምንት አንድ ቀን ይከፈት፤ ፕሪዝሙ ይሰበር እንጂ ካርቶን ውስጥ አይክረም። ሁለተኛ፣ ኢንተርኔት ያለው ትምህርት ቤት በወር ሁለት ሰዓት ለተማሪው ይፍቀድ፤ ያ ጋላክሲ መለያ ድረ ገጽ ዛሬም ክፍት ነው። ሦስተኛ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ያለውን ፓውዛ ዛሬ ማታ ወደ መሬት አዙሩት፤ ለዚህ ሕግ አያስፈልግም። አራተኛ፣ ልጅ ሲጠይቅ «ይሄ ምን ያደርግልሃል?» አትበሉት።

ለልጁ መልሱን ጽፌ ላክሁለት፣ ከላይ ያለውን ማለቴ ነው። ማታ ከሥራ ሲወጣ አነበበውና ሌላ ጥያቄ መለሰልኝ፦ «እሺ ቲቸር፣ ኳዛሩ ሲጠፋ ጋዙ ወዴት ይሄዳል? ተመልሶ ኮከብ ይሆናል ወይስ ይበተናል?»

ይሄም እየተጠና ያለ ነገር ነው። እስካሁን የሚታወቀውን ነገ እጽፍለታለሁ። በግል ተፈታኝ ሆኖ እንዲመዘገብም እየገፋፋሁት ነው። ቃሊቲ አካባቢ ያላችሁ የፊዚክስና የሒሳብ መምህራን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ልትሰጡት የምትችሉ ካላችሁ በውስጥ አናግሩኝ። እንደ እሱ ያለ ልጅ ጎረቤታችሁም ካለ ይዛችሁት ኑ።

ቸር እንሰንብት።